ኮከቧን አልሰርዝም ያሉት የእትዬ ፎቶ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ፎቶ እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥር ወር 1939 ዓ.ም. ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በፎቶ ቤት ተቀጥረው ሠሩ፤ በ1963 ዓ.ም. የራሳቸውን ከፈቱ። በቀጣዩ ዓመት ሰዓት ጠጋኙን አባታችንን አገቡ። አባታችን ለመታወቂያ ፎቶ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሦስቴም ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሆን ብለው መሆኑን ያመኑት ከሠርጉ በኋላ ነው። ሦስት ልጆችም ወለዱ።

እናታችን ቀን የሰው ፊት፣ ማታ ደግሞ ጣሪያቸው ላይ ባቆሙት ቴሌስኮፕ ሰማይ ያነሱ ነበር። ያዩትን ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ በቀለም እንጂ በእርሳስ ጽፈው አያውቁም።

በጥቅምት 1981 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጋላክሲ ውስጥ ኖቫ፣ ማለትም ድንገት ፈንድታ የምትደምቅ ኮከብ አነሱ። በደስታ ተቻኩለው ፊልሙን ገልብጠው አተሙት፤ ግራው ቀኝ ሆነ። በማግስቱ ፎቶውን የወሰዱለት የከዋክብት ምርምር ጣቢያም የጋላክሲውን የተሳሳተ ወገን ሲያስስ ሰነበተ። እናታችን ስህተታቸውን ደርሰውበት ሲያስታውቁ ኮከቧ በአራት ቀን ከስማ አልቃ ነበር። ጣቢያው "የፊልም እድፍ ስለሆነ ከመዝገብዎ ይሰርዙት" ብሎ ጻፈ። እሳቸውም "የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቴ ነው፤ ኮከቧን ግን ካላየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!" አሉ። ደንበኛው ሁሉ "እድፏ እንዴት ናት?" እያለ ቢቀልድባቸውም ጆሮ አልሰጡም።

አንዳንድ ኖቫ ዳግም እንደሚፈነዳ ያውቁ ነበርና፣ ሰማዩ በጠራ ቁጥር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያችኑ ቦታ አነሱ። በኅዳር 1995 ዓ.ም. ኮከቧ እዚያው ቦታ ላይ ፈነዳች። በዚህ ጊዜ ፎቶ ሳያትሙ ስልክ ደወሉ፤ ጣቢያውም አየ። የይቅርታ ደብዳቤ ልኮ "የቀድሞዋን ሰርዘዋት እንደሆነ መልሰው ይጻፏት" ሲላቸው፣ "አልሰረዝኳትም" የምትል አንዲት ቃል ጽፈው መለሱ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ሲጸናባቸው ሐኪማቸው ሦስት ወር እንደቀራቸው ነገሯቸው፤ እሳቸው አሥራ አንድ ወር ኖሩ። እኛ ልጆቻቸው የጻፍነውን ይህንን ታሪክም በሕይወት ሳሉ አስነበቡን። ለክብራቸው ብለን የተገለበጠውን ፎቶ ነገር መተዋችንን ሲሰሙ፣ "ስህተቴን ከሰረዛችሁ ኮከቧን ማን ያምናችኋል? መልሱት!" ብለው ተቆጡን። እንዳዘዙን መልሰነዋል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተናል፤ በጣም እናዝናለን፣ በጣምም እንኮራለን።

እሳቸው ኮከቧን እንዳልሰረዟት፣ ፈጣሪም ስማቸውን ከሕይወት መዝገብ አይሰርዝብን።