ሁልጊዜ በር አጠገብ ይቆሙ የነበሩት የእትዬ ጥድፊያ የሕይወት ታሪክ

ከተማው እትዬ ጥድፊያ እያለ የሚያውቃቸው የምክር ቤት አባል ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ።

ይህ ታሪክ እንደ ወጉ ወደ ትምህርታቸው ከማለፉ በፊት አንድ ነገር ማረም አለበት። ምክር ቤቱ ትናንት ባወጣው የሐዘን መግለጫ ውስጥ «በተፈጥሯቸው ችኩል ቢሆኑም ቅን ሰው ነበሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ቅንነታቸው እውነት ነው። ሌላው ሐሰት ነው። እትዬ ጥድፊያ በተፈጥሯቸው ዝግተኛ ነበሩ። እናታቸው ክር ግዢ ብለው ሱቅ የሚልኳቸው ክሩ ለዛሬ ሥራ የማያስፈልግ መሆኑን አረጋግጠው ነበር። ምሳ ሲበላ የቤቱ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ሲነሣ እሳቸው ገና ግማሽ ላይ ነበሩ። አባታቸው «የዚህችን ልጅ ሰርግ ለሁለት ቀን ነው የምንጠራው፤ አንደኛው ቀን እሷ እስክትደርስ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ይህች ከተማ ናት፤ እንዴት እንዳወጣችላቸውም ከዚህ ቀጥሎ ይነበባል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ንባባቸው የረጋ ነበር። ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ ሲሰበሰብ ገና የመጨረሻውን ጥያቄ ያሰላስሉ ስለነበር ውጤታቸው ከእውቀታቸው ያንስ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። የሥራ ቦታቸው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ትንሽ መስኮት፣ አንድ በርጩማ፣ ከላይ ፀሐይ፣ ከፊት ወረፋ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሴትዮ ሥራውን ሲያስረክቧቸው «ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፎልሻል። ዋናውን ልንገርሽ፤ ጠዋት ውሃ እንዳትጠጪ» አሏቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሳቁ እስከ ረፋድ አልዘለቀም። መናኸሪያው ሽንት ቤት አልነበረውም። ዛሬም የለውም። ወንዱ ወደ አጥሩ ዞር ይላል። ሴቷ፣ ትኬት ቆራጭም ትሁን ብርቱካን ሻጭ፣ ጽዳት ሠራተኛም ትሁን ሕፃን ያዘለች መንገደኛ፣ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች።

እትዬ ጥድፊያም ጠበቁ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ መስኮቱን ዘግተው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ቤታቸው ይሮጡ ነበር። በአውቶብሶቹ መካከል ሲሹለከለኩ ያዩአቸው ረዳቶች «ጥድፊያ አለፈች፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል» መባባል ጀመሩ። ስሙ ተለጠፈ። ከተማው ዕድሜ ልኩን የሳቀበት ሩጫ ወደ ሽንት ቤት የሚደረግ ሩጫ ነበር። በቀብር ላይ ስለ ሽንት ቤት ይወራል ወይ የሚል ሰው እዚህ ካለ፣ እሳቸውን ለዚህ ቀን ያበቃቸው ስለዚህ ነገር ማውራት ነውር ነው ሲል የኖረው አፍ መሆኑን ይወቅ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከአውቶብስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ሹፌሩ ሊያናግሯቸው በቀረቡ ቁጥር ሴትዮዋ መስኮቱን ድርግም አድርገው ስለሚፈተለኩ የተጠሉ መስሏቸው ከርመው ነበር። ብርቱካን ሻጯ አዝና «ወንድምዓለም፣ ከአንተ አይደለም የምትሸሸው» ብላ ምክንያቱን ስትነግራቸው፣ በማግስቱ ባዶ አውቶብስ አስነሥተው መስኮቷ ሥር አቆሙና «ግቢ» አሏቸው። ትልቁን አውቶብስ በጠባቡ መንገድ እስከ ቤታቸው በር አደረሱት፤ የጎረቤት አጥርም ይዘው ወጡ። በዚህ ምክንያት ከሥራ ታገዱ። እገዳው ሲያልቅ ሽማግሌ ላኩ። ባለቤታቸው ዛሬም «እሷን ተቀምጣ ያየኋት ያን ቀን አውቶብሱ ውስጥ ነው፤ እሱንም ጫፉ ላይ» ይላሉ።

ከዚህ ጋብቻ ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሁለቱንም አርግዘው እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ከዚያች የቆርቆሮ ክፍል አልቀሩም። ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ሆድ ይፍጀው።

በኋላም የመናኸሪያው ስምሪት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ሽንት ቤት እንዲሠራ ለአለቆቻቸው በቃል ጠየቁ፣ አስፈርመው ጠየቁ፣ ሻጮቹን አሰልፈው ጠየቁ። ሁሉም ጉዳዩ የከተማው ምክር ቤት ነው አሏቸው። ጉዳዩ የምክር ቤቱ ከሆነ ብለው በአርባ ስድስት ዓመታቸው ለምክር ቤት ተወዳደሩ። ቅስቀሳቸው አጭር ነበር፤ አውቶብስ የሚጠብቁትን ሴቶች እየዞሩ «እናንተስ የት ነው የምትሄዱት» ይሉ ነበር። በሰፊ ድምፅ ተመረጡ።

ምክር ቤቱ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ መደበኛ ስብሰባ ያደርጋል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ አጀንዳ ይጸድቃል፣ ወደ ሥራ ይገባል። የእትዬ ጥድፊያ አጀንዳ በመጀመሪያው ስብሰባቸው «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ተቀመጠ። ልዩ ልዩ የሚባለው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ኮቱን የሚለብስበት። ሰብሳቢው «ሰዓቱ ስለገፋ ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ይተላለፍ» አሉ። ተላለፈ። በሚቀጥለውም ተላለፈ። የሱቆች በር ሰማያዊ ይቀባ ወይስ አረንጓዴ ለሚለው ሙሉ ቀን ተገኝቶለታል። ለመናፈሻው ፏፏቴ፣ ለባለቤት አልባ ውሾች፣ በአደባባዩ ላይ ለሚተከለው ሰዓት ቅርጽ ጊዜ ተገኝቶላቸዋል። ሰዓቱ ተተክሏል፤ አይሠራም። መናኸሪያው ግን ሰዓቱ እንደገፋበት ቀረ። አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ሽንት ቤቱ ከመግቢያው በስተቀኝ ይሁን ወይስ በስተግራ በሚለው ላይ ሳይስማማ ተበተነ። ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንድ አባል ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሽንት ቤት ቢሠራ ለከተማው ገጽታ አይበጅም አሉ። አጥሩ ሥር ያለው ግን ገጽታ አይደለም፣ ሽታ ነው።

እትዬ ጥድፊያ እነዚያን ስብሰባዎች ሁሉ የተከታተሉት በር አጠገብ ቆመው፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነበር። ፋርማሲ ያላቸው አባል፣ ዋነኛ ተከራካሪያቸው፣ አንድ ቀን «እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡና ይናገሩ፤ እኛንም አዞሩን» አሏቸው።

«ከተቀመጥኩ እናንተን እመስላለሁ» ብለው መለሱላቸው።

በሁለተኛው የሥራ ዘመናቸው የሆነውን ከተማው በተለያየ መንገድ ያወራዋል። እውነቱ ይህ ነው። በአዳራሹ ኮሪደር መጨረሻ የአባላት ሽንት ቤት አለ። ቁልፉ ከእንጨት ቁራጭ ጋር ታስሮ ከሰብሳቢው ጸሐፊ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ያን ዕለት ሰብሳቢው «ዛሬ ትልልቅ ጉዳዮች አሉን፤ ይቺ ትንሽ ነገር ትተላለፍ» ሲሉ እትዬ ጥድፊያ ሄደው ቁልፉን ከሚስማሩ አነሱ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩት፣ ተመልሰው በር አጠገብ ቆሙ። «ትንሽ ነገር ከሆነች እንግዲህ ሁላችንም ሳንወጣ እንጨርስ» አሉ። በመጀመሪያው አጀንዳ ሁሉም ሳቀ። በሁለተኛው አንዳንዱ እግሩን አነባበረ። በሦስተኛው ባለ ፋርማሲው ተነሥተው፣ ተቀምጠው፣ እንደገና ተነሥተው «እትዬ፣ በሞቴ፣ አሁን ቀልዱ ይብቃ» አሉ። እሳቸውም በልጅነታቸው በነበረው በዚያ የዝግታ ድምፃቸው «እኔ አልቸኮልኩም፤ እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት» አሏቸው። የመናኸሪያው ሽንት ቤት በዚያች ቅጽበት፣ አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ፣ በመርህ ደረጃ ጸደቀ። ቁልፉን መለሱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ምክር ቤቱ «በመርህ ደረጃ» ማለት ይሠራል ማለት አይደለም ሲል አብራራ። ለእሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ቀጥሎም በታሪኩ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ፈጣኑን ወሰነ፤ የአባላቱ ሽንት ቤት ሁለተኛ ቁልፍ እንዲኖረው።

እትዬ ጥድፊያ ያንን የአባላት ሽንት ቤት አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም። የመናኸሪያው ሳይከፈት አልገባም ብለው ማሉ፤ ስብሰባው ምንም ያህል ቢረዝም ችለው ይቆሙና ሲያልቅ እንደ ድሮው ወደ ቤታቸው ይሮጡ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በዚህ ምክንያት ተጣልተዋቸዋል። «ማንን ልትቀጪ ነው? እነሱ እንደሆነ ግድ የላቸውም» ብለዋቸዋል። «ብገባማ ረሳዋለሁ፤ እነሱ የረሱት ስለገቡ ነው» ነበር መልሳቸው። ወንድማቸው ነገሩ ግትርነት ነው ብለው ነበር። ዛሬም ግትርነት ነው ይላሉ። በእህታቸው ላይ የተናደዱትን ያህል ስለ እሳቸው የሚናደድ ሌላ ሰው እንደሌለም ያውቃሉ።

ሕመሙ የኩላሊት ነበር። ለዓመታት ውሃ አለመጠጣትና ሽንትን መቋጠር እንዳባባሰው ሐኪማቸው ነግራቸዋለች። የኩላሊት እጥበት ሲጀምሩ የቀጠሮ ቀናቸው ሐሙስ ሆኖ ቢሰጣቸው «ሐሙስ ሥራ አለኝ» ብለው አስቀየሩ። እያበጡም፣ እየከሱም፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈውም ቢሆን በዚያው በር አጠገብ ቆሙ። አጀንዳውም ተላለፈ። በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ለባለቤታቸው የተናገሩት የመጨረሻ ነገር ከነገ ወዲያ ስብሰባ እንዳለባቸው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሰብሳቢው አበባ አስይዘው ወደ ቤታቸው መጡ። የሐሙሱ መደበኛ ስብሰባ ለእትዬ ጥድፊያ ክብር ሲባል የሐዘን ስብሰባ ብቻ እንደሚሆን፣ ንግግርና የኅሊና ጸሎት እንጂ ምንም አጀንዳ እንደማይታይ አበሰሩ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ፣ አመሰገነ። የበኩር ልጃቸው ግን የምክር ቤቱን ደንብ ታውቃለች፤ እናትየው ምክር ቤት ከገቡ ጀምሮ ሲያነቡላት ኖረዋል። አንድ አባል ሲሞት ያቀረበው አጀንዳ አብሮት ይሞታል፤ በቀጣዩ መደበኛ ስብሰባ ሌላ አባል «እኔ ይዤዋለሁ» ካላለ በቀር። በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ከሌለ ማንም ሊይዘው አይችልም።

«አጀንዳዋስ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ይህን የምናነሣበት ጊዜ አይደለም። እናትሽን በክብር እንሸኛት።»

«እናቴን የምንሸኛት እኛ ነን፤ ጋሼ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ።»

ሰብሳቢው በቀብር ሰዓት ስብሰባ ማድረግ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይለናል አሉ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር የታሰበው። ወዳጅ ዘመድ በጠዋት የተጠራችሁት፣ ከሩቅ የመጣችሁትም እንቅልፍ ያጣችሁት ለዚህ ነው። ቤተሰቡ ሰዓቱን ቀይሯል። አሁን ሰበብ የለም። የሐዘን ስብሰባ የሚለውም ትናንት በቤተሰቡ ጥያቄ፣ አባላቱ ብዙ ከተማከሩበት በኋላ፣ ተነሥቷል፤ ስብሰባው መደበኛ ነው። ዛሬ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው።

የምክር ቤት አባላት ከፊት ለፊት ተቀምጣችኋል። ከእናንተ የሚፈለገው ንግግር አይደለም፤ ከአንዳችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ባለ ፋርማሲው ትናንት ለቅሶ ሲመጡ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው በር አጠገብ ቆመው ቆይተዋል። ቤተሰቡ ከዚህ ምንም መደምደሚያ አይወስድም። ከዚህ በፊት ተስፋ ባደረገ ቁጥር ተላልፎበታል።

እትዬ ጥድፊያ ባለቤታቸውን፣ ነርሷን ሴት ልጃቸውንና መካኒኩን ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ሦስት ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬም ጠዋት ውሃ ሳይጠጡ ሥራ የገቡትን የመናኸሪያውን ሴቶች ትተው አልፈዋል።

ከቀብር በኋላ ቤተሰቡን ለማጽናናት የምትፈልጉ ሁሉ ቤት አትምጡ፤ ማንንም አታገኙም። ሁላችንም በምክር ቤቱ አዳራሽ የሕዝብ መቀመጫ ላይ ነን። በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ብቻ ክፍት ተዉላቸው። ስብሰባው ሊረዝም ስለሚችል፣ ለሕዝብ የሚሆን ሽንት ቤትም ስለሌለ፣ ከቤታችሁ ጨርሳችሁ ኑ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ፣ ሳይሮጡና ሰዓት ሳያዩ እንደ ልጅነታቸው ቀስ ብለው በሚቀመጡበት ስፍራ ያኑርልን።