ስትገባ የምትቆመው

ለምወድህ ልጄ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተ፣ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር ይሁን። ያ ሳልህ ለቆህ እንደሆነ፣ ለትንሿም ጥርስ ማውጣቱ ቀሎላት እንደሆነ ለመስማት እሻለሁ። ከዚህ ቀጥሎ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህም ደህና ናት» ብዬ መጻፍ ልማዴ ነበር። ዛሬ ያችን መስመር ዘልያታለሁ። ከደብዳቤው መጨረሻ ቦታ ትቼላታለሁና እዚያ እመለስባታለሁ።

በስልክ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። በበጎች ላይ ለምታካሂደው የጉልበት ሕመም ጥናትህ ፈቃድ የሚሰጠው ጉባኤ ከአንድ የሃይማኖት ሊቅ የድጋፍ ቃል እንደሚፈልግ፣ ያ ቃል ካልደረሰው የበጎቹ ሥራ ለሁለተኛ ዙር እንደማይቀጥል ነግረኸኛል። ሁለት መስመር ይበቃል አልኸኝ፤ እንስሳ ለሰው አገልግሎት መሰጠቱን አንድ መስመር፣ በጎቹ አለመሰቃየታቸውን በዓይኔ ማየቴን አንድ መስመር። አባትህ መሆኔን ማንም እንደማይጠይቅም ጨመርህልኝ። ይህን የመጨረሻውን ባትጨምርልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከዚያ፣ እማዬ እንዴት ናት ብለህ ጠየቅህ፤ መልሴ ሳያልቅ ግን ወደ በጎችህ ተመልሰህ ነበር።

የፊተኛውን መስመር ልጽፍልህ እችላለሁ። ለሰው ልጅ ፈውስ መፈለግ ኃጢአት ነው ብዬ አላስተማርሁህም። የቸገረኝ ሁለተኛው ነው። እኔንና እናትህን ወደ ሥራ ቦታህ የወሰድኸንም እርሱን እንድጽፍልህ ብለህ ነበር።

በረቱ ንጹሕ ነበር፤ ይህን አልክድም። ወለሉ ታጥቧል፣ ገለባው በወግ ተነስንሷል፣ ቤቱ ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። አንድ ጉልበታቸው የተላጨ በጎች አሳየኸን። የጉልበታቸውን ጅማት ቆርጣችሁ ቁስሉን እንደምትሰፉት፣ ከዚያም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ልስልስ ልባስ እያለቀ ሄዶ፣ በሰው ላይ በብዙ ዓመት የሚመጣው የመገጣጠሚያ በሽታ በእነርሱ ላይ በጥቂት ወራት እንደሚደርስ አስረዳኸን። ልጅ ሳለህ የቃል ትምህርትህን በፊቴ በምታወርድበት ቅልጥፍና ነበር የምትናገረው። በጓ የሰው ጉልበት ሞዴል ናት አባዬ አልኸኝ። ሞዴል የምትለው እኛ አምሳያ የምንለውን እንደሆነ ጠየቅሁህ፤ አዎን አልህ። ስለ ሕመም ማስታገሻውም ብጠይቅህ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥቂት ቀን ሰጥታችሁ እንደምታቆሙት፣ ከዚያ ካለፈ የመገጣጠሚያውን መቆጣት እያበረደ ውጤቱን እንደሚያዛባባችሁ ነገርኸኝ። ቢሆንም አያማቸውም፤ እኔ ራሴ በየጠዋቱ ፊታቸው ቆሜ አካሄዳቸውን እመዘግባለሁ፤ አንዲቱም አነከሰች ተብሎ አልተጻፈም አልህ። እውነትም እኛ ስንገባ ሁሉም በአራት እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

አንተና እኔ መሣሪያዎቹን ልናይ ወደ ውስጥ ስንዘልቅ፣ እናትህ ደረጃው በዛብኝ ብላ በመተላለፊያው ላይ በረቱን በሚያሳየው መስተዋት አጠገብ ወንበር ይዛ ቀረች። ደረጃው የልጅ ልጆቿ ዘለው የሚወጡት ዓይነት ነበር። አንተ ግን ልብ አላልኸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ ያቺ ጥጉ ላይ ያለችው በግ እኔን ትመስላለች አለችኝ። በሽበቱ ነው ወይስ በግትርነቱ ብዬ ቀለድሁባት። አልሳቀችም። ሰው ከበረቱ ሲወጣ በጓ የታመመ እግሯን ከመሬት አንሥታ እንደያዘች፣ ክብደቷን ወዲያና ወዲህ ስታዛውር ቆይታ በመጨረሻ በደህናው ጎኗ እንደተኛች፣ የአንተ ኮቴ ሲሰማ ግን ተነሥታ አራቱንም እግሯን አስተካክላ እንደጠበቀችህ ነገረችኝ። ከዚያም መስኮት መስኮቱን እያየች፣

«እኔስ ወልጄው ነው፤ እሷ ምን በወጣት?» አለች።

ነገሩ የገባኝ ግን በዚያው ሳምንት ለምሳ የመጣህ ዕለት ነው። የመኪናህ ጥሩምባ ከውጭ ሲሰማ እናትህ ምርኩዟን ከመጋረጃው ኋላ ሸሸገች፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሣች፤ በሩን ራሷ ከፍታ ሳመችህ። አንተም፣ ጉልበትሽ እኮ ተሽሎሻል፣ ቀዶ ጥገናው ይቆይ አልሃት። እሷም፣ ድኛለሁ፣ ተራዬን ለባሰበት ሰው ስጡት አለችህ። አንተ ተቀምጠህ እሷ ቆማ አበላችህ። ከሸኘችህ በኋላ ከበሩ እስከ አልጋዋ እንዴት እንደደረሰች አልጽፈውም፤ ሰው በእግሩ የሚሄደው አካሄድ አልነበረምና።

ልጄ ሆይ፣ በግ ሕመሟን የምትሰውረው አውሬ ደካማዋን ለይቶ እንዳይበላት ነው ያልኸኝ አንተው ነህ። ይህን እያወቅህ ፊቷ ቆመህ አላመማትም ብለህ ትጽፋለህ። አውሬው ማን ይሆን ብለህ ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህን? በጓ እናትህን ለመፈወስ እስክትበቃ ድረስ እናትህን ከመሰለቻት፣ ነገሩ ከሕመሟ ላይ ሲደርስ መምሰሏ በምን ምክንያት ይቋረጣል? ጉልበቷን የሰው፣ ሕመሟን የበግ ልትለው አትችልም። አንተን ያህል የተማረ ሰው ይህ ይሰወርበታል ብዬ ማመን አልቻልሁም፤ የተመቸህን ማየት መርጠሃል ብዬ ማመኑ ደግሞ ለአባት መራራ ነው።

ግእዙን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ጉልበት በግእዝ ብርክ ይባላል፤ መንበርከክም መባረክም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። እናትህ መንበርከክ ከተዋት ቆይቷል፤ አሁን የምትጸልየው ግድግዳ ተደግፋ ነው። መባረክን ግን አላጎደለችብህም። ፈርምለት፣ ልጄን ከሥራው አታሰናክለው እያለች የምትወተውተኝም እሷ ናት።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ጽፌ አስቀምጫለሁ። ለሁለተኛው አንተ ራስህ ና። አትደውል፤ ጥሩምባም አታሰማ። መኪናህን ከመታጠፊያው ማዶ አቁመህ በጓሮ በኩል በእግርህ ግባ። የወጥ ቤቱ መስኮት መጋረጃ የለውም። እዚያ ቆመህ፣ ሳታንኳኳ፣ ሳትጣራ፣ እናትህ ከወንበሯ እስከ ቧንቧው ስትሄድ ተመልከታት። ያየኸውን የበጎቹን አካሄድ በምትመዘግብበት አጻጻፍ ጽፈህ ስጠኝ። እኔም ቃል በቃል ገልብጬ ለጉባኤህ እፈርምበታለሁ።

እግዚአብሔር እጅህን ይባርክልህ፤ ዓይንህን ደግሞ ከእጅህ አብልጦ ይባርክልህ። ልጆችህ ሲያማቸው ከአንተ የማይደበቁ ያድርጋቸው።

እናትህ መጻፌን አውቃ ከውስጥ ክፍል እየተጣራች ነው። ተነሥታ መጥታ ብታነበው ይህን ሁሉ ታስቀድደኝ ነበር፤ ግን እዚያው ሆና ነው የምትጣራው። ያችን የተለመደችውን መስመር እንዳልረሳት አደራ ትለኛለች። ቦታዋን ትቼላት ነበርና እነሆ፣ እንዳለችኝ ጽፌያለሁ።

እናትህ ደህና ናት።

አባትህ