ለእኔ የተለየው ድስት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሆዴ ዛሬም ተነሣብኝ። እስከ ቀትር አራት ጊዜ ደንበኛ እያቆምኩ ከጨርቅ ሱቄ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ሐኪሟ «አንጀትዎ ቁጡ ነው፤ በርበሬ ይተዉ» ካለችኝ ወዲህ በርበሬ በአፌ አልዞረም። ታዲያ ምን ነካኝ? የጠረጠርኩት ምሳ የምታቀርብልንን ሙናን ነው።

ሳልነግራት ወጥ ቤቷ ገባሁ። ለእኔ ብቻ ትንሽ ድስት ጥዳ አልጫ ስትሠራ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ከማንም ጋር አልቀላቅልም» አለችኝ።

አፈርኩ። ልወጣ ስል ግን ቀዩን ወጥ ያማሰለችበትን ጭልፋ ሳታጥብ የእኔ አልጫ ውስጥ ነከረችው። ለእኔ ብላ ሌላ ድስት የጣደችን ሴት ምን ልበላት? አመስግኜ ምሳውን ተቀበልኩ፤ ሱቅ ስደርስ ግን አልከፈትኩትም።

ነገ ከቤት ሩዝ ቀቅዬ እሄዳለሁ። እሷስ ምን ትጠረጥር ይሆን?