የእኔ መዳፍና የሰይድ ዓይን

እማዬ፣ ከዓለም ሁሉ አስበልጬ የምወድሽ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። የስፌት ማሽንሽን አልሸጥነውም፤ በረንዳው ላይ ጨርቅ አልብሰነው ተቀምጧል። ልጄ ሐያት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆናለች። አንቺ የተከልሽው ፓፓያ ዘንድሮ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የናዝሬት ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ግን ስለ ዓይን ልነግርሽ ነው። ፈርቼ ከረምኩ፤ ፍርሃቴን ከአንቺ በቀር ለማን እንደማወራው አላወቅኩም።

ያ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፊበት ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጠርተሽኝ፣ «ዘሃራዬ፣ የቀሚሱ ጠርዝ መሃሉ ላይ ይጣመምብኛል፣ ነይ እስቲ እዪልኝ» አልሽኝ። አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነበር። «ደክሞሽ ነው እማ፣ ትንሽ ዕረፊ» ብዬሽ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ። ሐኪም ዘንድ የወሰድኩሽ ከዓመት በኋላ ነው። ከዓይን በስተኋላ ያለው፣ ሰው አጥርቶ የሚያይበት ቦታ ተጎድቷል፣ ዘግይታችኋል አሉን። ከዚያ ወዲህ የፊቴን ዳር ዳሩን እንጂ ፊቴን አላየሽም። በድምፄ ነበር የምትለዪኝ። ደም ግፊቱ እስኪወስድሽ ድረስ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላልሽኝም። ብትይኝ ይሻለኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የራሴን ዓይን መጠራጠር ጀመርኩ። በር ባየሁ ቁጥር መቃኑ ቀጥ ማለቱን እመረምራለሁ። ወንድሜ ሰይድ ይህን ያውቃል። እሱ አሁንም አዳሚ ቱሉ ነው፤ በሰው አይሱዙ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ ናዝሬት ያመላልሳል። አንድ ቀን ደወለልኝና፣ «ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ጤና ጣቢያው መጥተዋል። ደም አይወስዱም፣ በመብራት ብቻ ነው የሚለኩት። የዓይን ነገር ያስጨንቅሽ የለ፣ ነይ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

የምትለካው ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ናት። ከፊቴ የነበሩትን እናቶች በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ አስረዳችን። ካሮትና ፓፓያን ቢጫ የሚያደርገው፣ ጎመን ውስጥም አረንጓዴው ሸፍኖት ያለው ነገር ካሮቲኖይድ ይባላል አለች። ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ ወስዶ ቆዳችንና ዓይናችን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እዚያም ከጉዳት ይከላከላል። መዳፌን መስታወት ላይ ሳስደግፈው መብራቱ በራበት፤ ደቂቃም አልፈጀ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው አለችኝ። ለዓይን ደግሞ አንድ ሳጥን ውስጥ የሚርገበገብ ብርሃን እያየሁ፣ መርገብገቡ ያቆመ ሲመስለኝ ቁልፍ መጫን ነበረብኝ። እየቸኮልኩ ያለ ጊዜው ጫንኩት። ሦስት ጊዜ ደገምነው። «ይረጋጉ እናቴ፣ ፈተና አይደለም» አለችኝ። እሱም ዝቅ ያለ ሆነ። በሽታ ማለት እንዳልሆነ፣ መሣሪያው በሽታ እንደማይመረምር፣ ከፈራሁ የዓይን ሐኪም ማየት እንዳለብኝ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ግን ዝቅ ያለ የሚለውን ብቻ ነው። ሰይድን አንተም ተለካ ስለው፣ «የኔ ዓይን ከዚህ ሆኖ የሚቀጥለውን ከተማ፣ ቡልቡላን ያያል!» ብሎ ስቆ ሊጭን ሄደ።

ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም፤ የሚሉኝን መስማት ፈራሁ። በምትኩ መብላት ጀመርኩ። ጠዋት ፓፓያ፣ ምሳ ካሮት፣ እራት ጎመንና ዱባ፣ በመሃል ደግሞ ካሮት። ሐያት «እማ፣ ጥንቸል ልታደርጊን ነው?» እያለች ታማርር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ መዳፌ ቢጫ ሆነ። ጉበቴ አለቀ፣ የወፍ በሽታ ነው ብዬ ክሊኒክ ሮጥኩ። ሐኪሙ የዓይኔን ነጩን ክፍል ገልጦ አየና፣ «በቀን ስንት ካሮት ነው የሚበሉት?» አለኝ። ስነግረው፣ «ቢጫው የካሮቱ ነው» ብሎ ሳቀ። ለምን ያን ያህል እንደምበላ ስነግረው ግን ሳቁን ተወና ወደ ዓይን ሐኪም የሚያስገባ ወረቀት ጻፈልኝ።

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ አድርጋ መረመረችኝ። ቀጥሎ ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ሰጥታ ዓይኖቼን በየተራ አስከደነችኝ። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ለጊዜው ደህና ነዎት፣ በየዓመቱ ይምጡ ብላ ወረቀቱን ለቤት ሰጠችኝ። ልወጣ ስል፣ እናቴን በነገረችኝ ቀን አምጥቻት ቢሆን ኖሮስ ብዬ ጠየቅኳት። «አላውቅም። ሳይጠቅማት ግን አይቀርም ነበር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ አልዋሸችም።

ጥናት የሚሠሩት ሰዎች ሲመለሱ እንደገና አዳሚ ቱሉ ወርጄ ተለካሁ። የመዳፌ ቁጥር በጣም ወጥቷል፤ የዓይኔ ከቦታው የተነቃነቀም አይመስል። ልጅቷ ቆዳ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ዓይን ግን ቀስ እንደሚል፣ አንዳንዱም ሰው ላይ ጭራሽ እንደማይጨምር ነገረችኝ። ይህን ምሳ ላይ ለሰይድ እያወራሁት ያንን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ለጨዋታ ያህል ሰጠሁት። ቀኝ ዓይኑን ከደነ። ግራውን ከደነ። መልሶ ቀኙን ከደነ።

«መሃሉን ምን አጥፎት ነው?» አለኝ።

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩ። መቼ ጀመረህ አልኩት። «አስፋልቱ ላይ ያለው ነጭ መስመር ከተጣመመብኝ ሦስት ሳምንት ይሆነኛል። ድካም መስሎኝ ነው» አለ። እማዬ፣ ዕረፍ አላልኩትም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመኪና ቁልፍ አነሳሁና በሚኒባስ ወደ ናዝሬት ይዤው መጣሁ። መቂን፣ ሞጆን እስክናልፍ ድረስ ሲቆጣኝ፣ እኔ ቁልፉን ከእጄ አልለቀቅኩም።

ሐኪሟ በግራ ዓይኑ በስተኋላ ውሃ መቋጠር ጀምሯል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ዓይኑ ውስጥ መርፌ መወጋት አለበት፣ በጊዜ መጥታችኋል አለች። ይድናል ብላ ግን ቃል አልገባችም። ስንወጣ ጠብታው ፀሐዩን ስላስጠላው ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚራመደው። ስልኩ ጮኸ። ማን እንደደወለ ማንበብ ስላልቻለ ለእኔ ሰጠኝ። የመኪናው ባለቤት ነው፤ ቲማቲሙ ሊበላሽ ነው፣ የት ጠፋህ ይላል። «እኔ እህቱ ነኝ። ሰይድ ከዛሬ ጀምሮ አይነዳም፣ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ» አልኩት። ሰይድ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አሁን አንቺ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው። ሁለት መርፌ ወስዷል። መስመሩ ትንሽ ቀና ብሏል ይለኛል፤ እውነቱን ይሁን እኔን ለማረጋጋት፣ አላውቅም። ሰኞ ለሦስተኛው እንሄዳለን።

ዱዓ አድርጊልን ብዬ የማስቸግርሽ ጊዜ አልፏል። አሁን ተራው የእኔ ነው። በእያንዳንዱ ሶላት ስምሽን እጠራለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለ ድረስም አልረሳሽም።

ልጅሽ ዘሃራ