የማይታጠፍ ጉልበቴ ፎቶግራፍ ከሆስፒታሉ በር ላይ እንዲወርድልኝ

ለሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 11

ጉዳዩ፦ ፎቶግራፌ ከዋናው በር ላይ እንዲነሣልኝና የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ለበሽተኞች እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

1. አመልካች ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መንገድ ዳር ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ክቡርነትዎ ስሜን ባያውቁትም መልኬን ግን በደንብ ያውቁታል። ጠዋት ጠዋት መኪናዎ በዋናው በር ሲገባ፣ ከጥበቃ ቤቱ በላይ በተሰቀለው ባነር ላይ ቆሜ ፈገግ የምልልዎ እኔ ነኝ። ከእግሬ ሥር «ዳግም በእግሬ ቆምኩ» ተብሎ ተጽፏል። እንደዚያ ብዬ አላውቅም። መቆሜ ግን ሐሰት አይደለም፤ አቤቱታዬም የቀረበው ከመቆም በቀር ሌላ ነገር ስላቃተኝ ነው።

2. ዕድሜዬን ሙሉ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሐኪሞቻችሁን ጋወን ጭምር ሰፍቻለሁ። ፔዳሉን አጥብቄ የምረግጠው በቀኝ እግሬ ስለሆነ ቀኝ ጉልበቴ ቀድሞ አለቀ። መጀመሪያ ክኒን ተሰጠኝ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ ከዚያ በላስቲክ ማሰሪያ ታስሬ ከረምኩ። በመጨረሻ የአጥንት ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ አድርጎ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ሽፋን ተበልቶ ማለቁንና አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ መሆኑን አሳየኝ። የተበላሸውን ገጽ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ መቀየር ነው የሚያዋጣው አለኝ። ፈራሁ። ነገር ግን ደረጃ ስወጣ በእጄ መዳህ ጀምሬ ስለነበር እሺ አልኩ።

3. በሐኪሙ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ከቀዶ ጥገናው በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እናቴ፣ እኔ የምሠራው ግማሹን ነው። ቀሪውን የምትጨርሱት እርስዎና ፊዚዮቴራፒስቷ ናችሁ። አዲስ ጉልበት ቶሎ ቶሎ ካልታጠፈ ጠባሳው ውስጥ ለውስጥ ያስረዋል፤ ያኔ ብረቱ ደህና ሆኖ እግሩ እንጨት ይሆናል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የራሱን ግማሽ አሳምሮ ሠርቷል። የስፌቱን መስመር እኔው አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ነው።

4. ሁለተኛውን ግማሽ በሚመለከት፦ በሆስፒታሉ ምድር ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ውስጡ ሁለት ረጃጅም የብረት መደገፊያዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ በሽተኛ በመሐላቸው ገብቶ መራመድ ይማርባቸዋል። አንድ ሰፊ የመታሻ አልጋም ነበር። የክፍሉ ባለሙያ በሽተኞች ሁሉ «ጨካኟ» የምንላት፣ ክንዷ የደነደነ ሴት ናት። ትልቁንም ትንሹንም አንቺ አንተ ባይ ናት። ጉልበቴን ይዛ ስታጥፈው እጮሃለሁ፤ እሷ ደግሞ «ስደቢኝ፣ እናቴንም ስደቢ፤ ብቻ አትወጥሪው» ትለኛለች። ሰደብኳት። ጉልበቴ ግን በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ እያለ መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

5. አንድ ጠዋት ክራንቼን ይዤ ስወርድ በሩ ተዘግቶ «ክፍሉ ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። እድሳት ጥሩ ነገር ነው ብዬ ተመለስኩ። እድሳቱ ሲያልቅ በሩ ላይ አዲስ ታፔላ ተሰቀለ፦ «የሕዝብ ግንኙነትና ገጽታ ግንባታ የሥራ ክፍል»። ጨካኟ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። አሁን በመስኮት ክራንች ታድላለች። ሆስፒታሉ በሽተኛውን ማዳን ትቶ ገጽታውን ለማዳን መወሰኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

6. ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ላጥፈው ሞከርኩ፤ ሕመሙ ሲብስ እጄ ራሱ እምቢ ይለኛል። አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ እግሬ መተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል፤ የሚያልፈው ሁሉ ይረግጠኝና ደግሞ እኔኑ ይቆጣል። ካልሲ የምታጠልቅልኝ ጎረቤቴ ናት። ከሁሉም የከፋው የስፌት መኪናዬ ነገር ነው። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። በጎን ተቀምጬ በግራ እግሬ ልረግጥ ስሞክር ጨርቁ ይጠማዘዛል፤ የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ጉልበቴን ያስቀየርኩት ወደ መኪናዬ ልመለስ ነበር፤ ያመጣልኝ ግን ከመኪናዬ መለየትን ነው።

7. በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ የገጽታ ግንባታው ኃላፊ ፎቶ አንሺ አስከትለው ሱቄ መጡ። ለስላሳ ጫማ የሚጫሙ፣ ንግግራቸው እንደ ጫማቸው ድምፅ የሌለው ሰው ናቸው። «እማማ፣ ተአምርዎን ለሕዝብ ልናሳይ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ፎቶ እንድነሣ ፈለጉ። ልቀመጥ ሞከርኩ፤ እግሬ አልገባም። ፎቶ አንሺው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበልኝ፤ አሁንም አልገባም። ኃላፊው ጉልበቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ «ይቁሙ፣ እማማ። ቆመው ያምርብዎታል» አሉ። ይህን ቃል ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ሰውየው አላወቁም አይባልም። አይተው፣ አውቀው፣ የማይታጠፈው የማይታይበትን አቅጣጫ መርጠው ነው ያነሡኝ። እኔም ለሐኪሙ ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

8. ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ የደረሰብኝን እነሆ። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ወጥ ቤት ናት፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ቆማ ስለምትውል የእሷም ጉልበት እንደኔው አልቋል። ሆስፒታሉ ሄዳ ለቀዶ ጥገና ተመዘገበች። ሰምቼ «ቆይ፣ የሚያጥፍሽ ሰው ሳይኖር አትቆረጪ፤ እኔን እያየሽ» አልኳት። እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «እትዬ፣ የመዝገብ መስኮቱን ሰዎች ጠይቄያቸዋለሁ። እህትሽ እንቅስቃሴውን ስለሰነፈች ነው የደረቀባት ብለውኛል። እኔ አልሰንፍም።»

ክቡር ሰብሳቢ፣ በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ። ሙሽራ ዋዜማዋ ላይ ቀሚሷን ሳላደርስላት ቀርቼ የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሰነፍ ግን ተብዬ አላውቅም። ያውም በገዛ እህቴ አፍ። በር ላይ ሰቅለው ተአምር ያሉኝ ሰዎች፣ በመስኮት ሰነፍ ይሉኛል። ከእህቴ ጋር ክፉ ቃል ተነጋገርንና ሱቄ መምጣት ተወች። ባለፍኩ ቁጥር ግን በራችሁ ላይ ሆኜ እስቃለሁ።

9. አቤት ለማለት ወደ ገጽታው ክፍል ወረድኩ። ክቡርነትዎ ወርደው አይተውት እንደሆነ አላውቅም። የብረት መደገፊያዎቹ ወለሉ ላይ በሲሚንቶ ስለተተከሉ ሊነቅሏቸው አልቻሉም፤ ስለዚህ ካፖርትና ጃንጥላ ይሰቅሉባቸዋል። የመታሻው አልጋ ላይ የግድግዳ ካላንደር ተቆልሏል። ኃላፊው ሻይ ጋበዙኝ። የተቀመጥኩበት ሶፋ ዝቅተኛ ስለሆነ እግሬ ፊታቸው ተደቅኖ እያወራን፣ ባነሩ እንዲወርድ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ እርስዎ የተቋሙ ገጽታ ነዎት። ገጽታን እንዲሁ ማውረድ አይቻልም፤ ኮሚቴ ይወስናል» አሉኝ። የተቋሙ ገጽታ ከሶፋው ለመነሣት የሁለት ጸሐፊዎች ድጋፍ አስፈለጋት።

10. ከዚያው ወደ ሐኪሙ ወጣሁ። ጉልበቴን በእጁ ሊያጥፍ ሞከረ። በማደንዘዣ አስተኝቶ ሊያጥፈው እንደሚችል፣ ጊዜው ካለፈ ግን ይህም እንደማይሆንና እንደገና መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። «እና ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «ዛሬ አጥፌው ነገ የሚያንቀሳቅሰው ከሌለ ተመልሶ ይደርቃል። ክፍሉ እንዲመለስ ቦርዱን ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ መልስ የለም» አለኝ። እሱም የሚጠብቀው ክቡርነትዎን ነው።

11. ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን በተመለከተ የጥበቃ ክፍሉ የራሱን ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰምቻለሁ። እውነቱን ከእኔ ይስሙ። ጨካኟ እኛን ለማሠራት የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። እኔ፣ ታፋው በብረት የተገጠመለት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ዳሌዋን ያስቀየረች መምህርትና ትከሻው የተሠራለት ግንበኛ ተጠራርተን ወደ ምድር ቤት ወረድን። በሩ ክፍት ነበር። ካፖርቶቹን በክብር አጣጥፈን ወንበር ላይ አኖርን፤ ማጣጠፍ ሙያዬ ነው። ካላንደሮቹን መሬት አወረድን። ሾፌሩ በብረቶቹ መሐል መራመድ ጀመረ፤ እኔ አልጋው ላይ ወጣሁ። ኃላፊው ጥበቃ ጠሩ። ጥበቃው መጣ፣ መምህርቷ የበሩን ደፍ መሻገር እንዳቃታት አየ፣ ክንዷን ይዞ አሻገራትና በሩ ላይ ቆመ። ፎቶ አንሺውም ከልማዱ የተነሣ ያነሣን ጀመር። ኃላፊው ካሜራውን በእጃቸው ሸፈኑት። ገጽታ የማይገነባ ፎቶ መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጨካኟ ጉልበቴን ያዘች። የደረቀ ጉልበት ሲታጠፍ ያለውን ሕመም ልገልጽልዎ አልሞክርም፤ ጩኸቴ ላቦራቶሪ ድረስ ተሰምቷል። ይህን የማውቀው እህቴ ያን ሰዓት ላቦራቶሪው በር ላይ ለቀዶ ጥገናው የደም ምርመራ ተሰልፋ ስለነበር ነው። ድምፄን ለይታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ላቤ ይንቆረቆራል፣ ጨካኟን እሰድባለሁ፣ «ድገሚው» እላለሁም። እህቴ ወደ ኃላፊው ዞር ብላ በቀስታ «ሰነፍ ናት ያላችሁኝ ይህችን ነው?» አለቻቸው። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከኋላዬ ገባችና ትከሻዬን ደግፋ ያዘች። «በርቺ፣ እትዬ» ከማለት በቀር የተናገረችኝ የለም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋት፣ እሷም አልጠየቀችኝ። አንድ ክራንች ለሁለት ይዘን ወጣን።

12. ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ፎቶግራፌ እንዲወርድ። የግድ ተቋሙ ገጽታ ያስፈልገዋል ከተባለ ኃላፊው ራሳቸው ቢቆሙበት፤ መቆምም መቀመጥም ይችላሉ።

ለ) ክፍሉ ለበሽተኞች፣ ጨካኟም ወደ ሙያዋ እንዲመለሱ። ክራንች በመስኮት ለማቀበል ሌላ ሰው አይጠፋም።

ሐ) የመዝገብ መስኮቱ በሽተኛን ሰነፍ ከማለቱ በፊት የቱ ክፍል እንደተዘጋበት ለበሽተኛው እንዲነግር።

13. የእኔ ጉልበት ቢዘገይበት ዳግመኛ ይቆረጣል፤ ይህን ያህል ችያለሁና ያንንም እችለው ይሆናል። የእህቴ ግን ገና ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ስለነሣት ቀጠሮዋን ማራዘም አልፈለገችም፤ እኔም ከእንግዲህ አትግቢ አልላትም። በመጪው ሐሙስ ትገባለች። ዓርብ ጠዋት ጉልበቷ መታጠፍ መጀመር አለበት፤ የክቡርነትዎን ውሳኔ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ጉልበት አይደለም።

ለክቡርነትዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች
ልብስ ሰፊ