ካምፓላ በሄደ ሰሞን የተኛሁት እንቅልፍ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከኪሱሙ ሐይቁን ተሻግሮ ይድረስሽ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? ልጄ አኮት ደህና ናት፤ ጥርሷን እየቀየረች ነው።

እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ሻዩ ነው ብዬ ተውኩት። ዝናቡ ገብቶ ወጣ፤ ዓይኔ አልከደን አለ። ገበያ ላይ ዩኒፎርም ስሰፋ መርፌው ጣቴን በስቶት ወጣ። አጠገቤ ዓሣ የምትሸጠው ማማ ፔሬስ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ዓሣዬ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው እንዴ የምታድሪው?» ብላ ሳቀች። ጣቴን ስታስርልኝ ግን ሳቋ ጠፋ። ክሊኒክ ሂጂ ብላ ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

ባሌ ኦቡያ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ አብሮኝ መጣ። ሐኪሟ ናፉላ የምትባል ወጣት ናት። እኔን ስትጠይቀኝ እሱ ይመልሳል። «ስልክ ነው ያበላሻት፤ ቀምቻታለሁ» አላት። እሷም፣ «የመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሄደው ቦታ ይያዙላት» ብላ ላከችውና በሩን ዘጋች።

ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ወራት አልፎታል? አብዛኛውን ሌሊት ነው? ቀን ሥራሽን ያበላሽብሻል? ለሁሉም አዎ አልኩ። «እብደትም መንፈስም አይደለም፤ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ሕመም ነው» አለችኝ። እፎይ ልል ስል፣ በቅርቡ ደህና የተኛሽበት ጊዜ አለ ወይ አለችኝ። ኦቡያ ለቀብር ካምፓላ በሄደ ሰሞን እንደ ድንጋይ ነበር የተኛሁት፤ አኮት ጎትታ ነበር የምትቀሰቅሰኝ። ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። የደም ግፊቴን ልትለካ እጅጌዬን ስትይዝ፣ ግራው ይሁን፣ ቀኙን ተይው አልኳት። እሷ ግን ቀኙን ሰበሰበችው፤ የኦቡያን ጣቶች ምልክት አየችው።

የእንቅልፍ ክኒን ለመንኳት። «ክኒኑስ አለኝ፤ ግን በዚያ ቤት ከባድ እንቅልፍ እንዲወስድሽ አልፈልግም» አለችኝ። እህቴ፣ እስካሁን የምፈራው እንቅልፍ ማጣቱን ነበር።

ይህን ማማ ፔሬስ ታደርስልሻለች። መልስ አትጻፊ፤ ስልክም አትደውዪ። እሑድ ራስሽ ነይ። ኦቡያን አክስታችን ታማለች በይው፤ ዕድሜ ይስጣት፣ ውሸቱንም እግዜር ይቅር ይበለን። አኮትንም ማየት ትፈልጋለች ማለቱን አትርሺ። ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ በር ላይ ይቁም።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልሽ።

ታናሽሽ