ልጅቷን ያስቀደሟት እትዬ ሽው

እትዬ ሽው የሲኒማ ቤት ማሽን ሠራተኛ ከነበሩት አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ነው። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለነበር፣ እናታችን ምጥ ላይ ሳሉ ወዲያ ማዶ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርስ ነበር ይባላል። አባታችን ማሽኑን ጥለው መምጣት ስላልቻሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያዩት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። እናታችን ይህቺን ነገር በሕይወት እስካሉ ድረስ አልረሱላቸውም።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ልጆቻቸው "አጎታችን፣ አደራ እንዳያበዙት" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን ስለ እትዬ አሳጥሮ መናገር ከየት ይምጣ? በያዛችሁት ጽሑፍ በየገጹ የታችኛው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ስዕል ለጊዜው ተዉአት። መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

ሽው የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እናታችን ክር እንዲገዙ ሲልኳቸው ከደጃፍ ሽው ብለው ወጥተው፣ በክሩ የሚሰፋው ጨርቅ ገና ሳይዘረጋ ሽው ብለው ይመለሱ ነበር። እግራቸው ረጅም፣ እርምጃቸው ሰፊ፣ ክንዳቸው ሲሮጡ እስከ ጆሯቸው የሚወነጨፍ ነበር። ጎረቤቶች "ሴት ልጅ እንዲህ አትሮጥም" እያሉ እናታችንን ይመክሩ ነበር። እናታችን ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ "ታዲያ እንዴት ትሩጥ?" ይሏቸዋል።

ትምህርታቸውን በ1953 ዓ.ም. ጀመሩ። በዚያን ጊዜ እሁድ ጠዋት ለልጆች የካርቱን ፊልም ይታይ ነበር፤ እኛም የማሽን ሠራተኛው ልጆች ስለሆንን ከማሽኑ ክፍል ሆነን በትንሿ መስኮት እናያለን። ፊልሙ ሲያልቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያየውን ይጫወታል። ወንዱ ዱላውን ሰይፍ አድርጎ ይዘምታል፤ ሴቷ ግንብ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ግንቡ የሲኒማ ቤቱ የጎን ደረጃ ነበር። አንድ እሁድ ተራው የእትዬ ሆነና ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሊያድኗቸው የዘመቱት ወንዶች መንገድ ላይ ኳስ አገኙ፤ በዚያው ቀሩ። እትዬ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ የምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ደረጃውን በራሳቸው እግር ወርደው ቤት ገቡና ጥግ ይዘው አኮረፉ። እናታችን ምን እንደሆኑ ቢጠይቋቸው "ማንም አላዳነኝም፤ ለነገሩ ማንም አልያዘኝም ነበር" አሉ። ያኔ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1965 ዓ.ም. አጠናቀው፣ የሥዕል ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ በ1968 ዓ.ም. በአንድ የአኒሜሽን ፊልም ስቱዲዮ ተቀጠሩ። የተመደቡት ምድር ቤት፣ ቀለም ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሴቶች ነበሩ። አቧራ እንዳይገባ መስኮት አይከፈትም፤ የጣት አሻራ እንዳያርፍ ነጭ ጓንት ይደረጋል፤ ከፎቅ ተስሎ የሚወርደው ሁሉ በስስ ፕላስቲክ ላይ ይቀባል። ፎቅ ላይ ደግሞ ስዕሉን የሚያንቀሳቅሱት ወንዶች ነበሩ። እትዬ ወደ ፎቅ ለመውጣት ፈተና ልፈተን ሲሉ የፎቁ ኃላፊ የሴት እጅ ለቀለም የተፈጠረ ነው ብለው መለሷቸው። በዓመቱ ደግመው ጠየቁ። ደጋግመው ጠየቁ። በ1973 ዓ.ም. ኃላፊው ሲሰለቻቸው ፈተኗቸው፤ አለፉ። ከምድር ቤት ወደ ፎቅ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሴት እህቴ ናቸው፤ ይህን ስል ደረቴ ቢነፋ አትፍረዱብኝ።

በ1970 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የሰፈራችን ልጅ ናቸው። የሰው ሁሉ ሰዓት ያስተካክላሉ እንጂ ራሳቸው ቀጠሮ ላይ በሰዓቱ የደረሱበት ቀን የለም። አግቢኝ ብለው ሲጠይቋቸው እትዬ ትክ ብለው አይተው "ደረጃው ላይ ጥለውኝ ኳስ ከሄዱት አንዱ አንተ አይደለህም?" አሏቸው። እሳቸውም "መጣሁ እኮ፤ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ" አሉ። በዚህ መልስ ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው በጨዋታና በሳቅ ኖረዋል።

ሴት ልጃቸው አምስት ዓመት ሲሆናት ስቱዲዮው የሠራውን አንድ የልዕልት ፊልም አሳዩአት። ስትወጣ ከፊልሙ ማንን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቋት። ልዕልቷን ትላለች ብለው ነበር። "ፈረሱን" አለች። ለምን ሲሏት "ፈረሱ ይሄዳል" አለች። እትዬ ነገሩ ከነከናቸው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ልጆች እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። ሴቶቹ ፈረሱን አሉ፣ ድመቷን አሉ። ቢያንስ ሥራ አላት ብላ ጠንቋይዋን የመረጠችም ነበረች። ከወንዶቹ ደግሞ አንዱ ጀግናውን መሆን አልፈልግም አለ፤ ጀግናው ይወድቃል፣ ይደማል፣ ግን ማልቀስ አይፈቀድለትም። እህቴ ስምንት ዓመት ሙሉ የደከሙበት ሥራ ለልጆቹ ምን እየነገረ እንደነበር ያኔ ገባቸው። ለብዙ ቀን በደህና አልበሉም።

አሁን ስለ ሁለቱ ቁም ሣጥኖች ልናገር፤ ሥራውን ለማታውቁት ቶሎ ላስረዳ። በስቱዲዮው ሩጫ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ አይሳልም። የድሮ ሩጫ ከነወረቀቱ ተቀምጧል፤ ከሥሩ መብራት ባለው የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ በላዩ ንጹህ ወረቀት ይደረጋል፣ እግርና ክንዱ ይገለበጣል፣ አዲስ ጭንቅላትና አዲስ ልብስ ይጨመርበታል። የነዚህ ወረቀቶች ማስቀመጫ ሁለት ቁም ሣጥን ነበር፤ አንዱ በር ላይ "ወንድ"፣ ሌላው ላይ "ሴት" የሚል ሰሌዳ ተመቷል። በወንዱ ውስጥ የማይገኝ ሩጫ አልነበረም፦ የሌባ፣ የወታደር፣ የሰነፍ፣ የደስተኛ። በሴቷ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ክርኗ ወገቧ ላይ ተጣብቆ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ በአጫጭር እርምጃ፣ ወደ ኋላዋ እያየች። ከምን እንደምትሸሽ ማንም አያውቅም። ብቻ ታያለች።

በ1978 ዓ.ም. ስቱዲዮው የጎርፍ ፊልም ሠራ። ጎርፍ መምጣቱን ያዩ ወንድና ሴት ልጆች ከተማውን ለማስጠንቀቅ ሜዳ አቋርጠው ወደ ደወል ይሮጣሉ። በታሪኩ ወንዱ ቀድሞ ደርሶ ይደውላል፤ ሴቷ ከኋላ ትከተላለች። የሜዳው ሩጫ የደረሰው ለእትዬ ነበር። ጊዜው አጥሮ ጥድፊያ ነበርና የሁለቱም ቁም ሣጥን በር ተከፍቶ ነው የዋለው። እትዬ እጃቸውን ሰደው ያወጡት ከወንዱ ነው። የሴቷን ጭንቅላትና ቀሚስ በወንድ እግር ላይ ገለበጡ። ተቀባ፣ ተቀረጸ፣ ማንም ልብ አላለም።

ለስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ሲታይ ጉድ ፈላ። ልጅቷ ከወንዱ ኋላ ተነሳች፤ እርምጃዋ ግን ከእሱ የሰፋ ሆነና ሜዳው መሃል ላይ እኩል ሆኑ፤ ከዚያ አለፈችው፤ ከዚያ ጭራሽ ከመጋረጃው ወጥታ ሄደች። ወንዱ ብቻውን ቀረ። በሚቀጥለው ትዕይንት ግን፣ በሌላ ሰው እጅ የተሳለ ስለነበር፣ ደወሉ ጋ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብለው "ልጅቷ የት ገባች?" ብለው ጮኹ። እትዬ "ቀድማ ሄዳለች" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሥራ አስኪያጁም ሩጫውን አስተካክለው እንዲስሉ፣ እምቢ ካሉ ጓንታቸውን አጥልቀው ቀለም ክፍል እንዲመለሱ ቁርጡን ነገሯቸው።

አምስት ዓመት ጠይቀው ያገኙት ወንበር ነው። ወላጆቻችን ቤት መጥተው ከእናታችን የስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያስቡ አስታውሳለሁ። እንባቸው ቅርብ ነበር። በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ ፊልሙ እንዳለ እሁድ ጠዋት በአባታችን ሲኒማ ቤት ለልጆች ይታይ፣ ከዚያ ያሉኝን አደርጋለሁ አሉ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባታችን ማሽኑ ላይ ነበሩ። ልጅቷ ወንዱን ስታልፈው ሴቶቹ ልጆች ወንበር ላይ ቆሙ። እሰይ! ወንዶቹም "ሩጪ! ሩጪ!" እያሉ ይጮኹ ነበር። ትዕይንቱ ተቀይሮ ወንዱ ደወሉን ሲደውል ግን አዳራሹ ተናወጠ። "እሷ እኮ ቀድማ ደርሳለች!" አሉ። "ውሸት ነው!" አሉ። አንድ ጥርሱ የወለቀ ወንድ ልጅ አጠገቡ የተቀመጡትን ሥራ አስኪያጅ ማንነታቸውን ሳያውቅ እጅጌያቸውን ይዞ "ጋሼ፣ አልፋው ሄዳለች አይደል? አይተዋል አይደል?" አላቸው። ሥራ አስኪያጁም "አይቻለሁ" አሉት። ሰኞ ጠዋት እንዲታረም ያዘዙት ሩጫውን ሳይሆን ደወሉን ነው።

ደወሉንም እትዬ ሳሉት። ልጅቷ ገመዱን ስትስብ ወንዱ ሜዳው ላይ ወድቆ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ደህና አድርጎ አልቅሶ፣ ተነስቶ መጥቶ አብሯት ይስባል። የዚያ ልጅ ጆሮ ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። በልጅነቴ በትንሽ ትልቁ የማለቅስ ነበርኩና ሞዴሉ ማን እንደሆነ ዞር ብላችሁ ብታዩኝ ይገባችኋል። እህቴ በዚያች እንባ አከበሩኝ እንጂ አላፈርኩም።

ስህተቱ የእውነት ስህተት ነበር ወይስ ሆን ተብሎ? ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይከራከራል። እሳቸው ሲጠየቁ "መሳሳቱንስ ተሳስቻለሁ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ አየሁት። ግን እግሩ የማውቀው እግር ሆነብኝ፤ ሰፈር ውስጥ እኔ ስሮጥበት የነበረው" ይሉ ነበር። ስለዚህ ቀጠሉ።

በ1984 ዓ.ም. የፎቁ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው ካቻቪቴ ይዘው ሁለቱን ሰሌዳዎች ከቁም ሣጥኖቹ በር መንቀል ነበር። ሩጫውን ሁሉ አደባልቀው የቸኮለ፣ የፈራ፣ የደከመው፣ ቤቱ የናፈቀው እያሉ ደለደሉት። ነባሮቹ ሠዓሊዎች ግራ ገባን፣ የሴት ሩጫ ከየት እናምጣ ቢሏቸው "ማን እንደሆነች ንገሩኝ፣ ወዴት እንደምትሄድ ንገሩኝ፤ ሩጫዋን እሰጣችኋለሁ" ይሏቸው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ፊልም ድምፁን አጥፍተው ያሳዩትና በሩን የሚከፍተው ማን ነው፣ ቆሞ የሚያየው ማን ነው ብለው ይጠይቁታል። ለሴት ብቻ ረጅም ሽፋሽፍት የሚስል ካገኙ ወንዱ ታዲያ አቧራውን በምን ሊከላከል ነው ይሉታል። ከቀለም ክፍል ብዙ ሴቶችን ፈትነው ወደ ፎቅ አውጥተዋል። ዓይኑ ለቀለም የተባረከ አንድ ወጣትም ወደ ምድር ቤት አውርደዋል። ሲወርድ እንደ ቅጣት ቆጥሮት ሊያለቅስ ነበር፤ ዛሬ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነው።

ጉድለት አልነበራቸውም አልልም። ከሳቸው ጋር ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ማየት አይታሰብም። የልጅ ልጆቻቸው ገና ፊልም ሲከፍቱ "እማማ፣ እስኪያልቅ ምንም አይናገሩ" ብለው ያስምሏቸው ነበር። ይምላሉ። ልዕልቷ ስታለቅስ መሐላው ይፈርሳል።

በ2006 ዓ.ም. በክብር በጡረታ ተሰናበቱ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ልባቸው ደከመ። እንደ ነፋስ ይወጡት የነበረውን የቤታቸውን ደረጃ ሁለት ጊዜ እያረፉ መውጣት ጀመሩ። ባለቤታቸው ደረጃው መሃል ላይ ወንበር አስቀምጠው ከአጠገባቸው ይቆሙ ነበር። "አሁን ደረጃ ላይ የሚያስጠብቀኝ እግሬ ነው" ብለው ይቀልዳሉ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያን ቀን ባለቤታቸው አልዘገዩም። እጃቸውን ይዘው ነበር።

እትዬ ሽው ባለቤታቸውን፣ ያን ጊዜ ፈረሱን የመረጠችውንና ዛሬ የእንስሳት ሐኪም የሆነችውን ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ባለ ትልቅ ጆሮ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

አሁን ወደ ጥጓ ስዕል። የያዛችሁት ጽሑፍ ወፍራም የሆነው እኔ ስላበዛሁት አይደለም። የሜዳው ሩጫ ወረቀቶች በሙሉ፣ በእጃቸው የሳሏቸው፣ አንድም ሳይቀር በየገጹ ታትመዋል። ገጾቹን በአውራ ጣታችሁ ይዛችሁ ለቀቅ ለቀቅ አድርጓቸው። ልጅቷ ትነሳለች። ክንዷ እስከ ጆሮዋ ይወነጨፋል። ወደ ኋላዋ አታይም። መጨረሻው ገጽ ላይ ጥጉ ባዶ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ስቶ አይደለም፣ ቀድማ ሄዳለች።

ፈጣሪ የእህቴን ነፍስ በሰፊ ሜዳው ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። አደራ ደግሞ፣ በር ላይ አያስጠብቅብን። እትዬ መጠበቅ አይወዱም።